ከጠረጴዛው የሚነሣ የለም

ሐምሌ 17 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ሮቤል የሌለበት የመጀመሪያው የቅዳሜ ጨዋታ። ልሰርዘው ነበር፤ አልሰረዝኩትም። ረቡዕ ዕለት ወንድሜን ከሌሎቹ የመርሳ ልጆች ጋር በአይሱዙ ጭነው ወደ ግንባር ሲወስዱት «ቃልዬ፣ ቅዳሜን እንዳትዘጊው» ብሎኛል። እኔም አልዘጋውም። አለቀ።

በመሃል አንዲት ሴት መታወቂያ ኮፒ ልታስደርግ ሱቄ ገባች። እኔ ከማሽኑ ጋር ስታገል እትዬ እታፈራሁ ጨዋታው ካለበት ጓዳ «እጅ ወደ ላይ! ጨዉን አራግፉ፣ በቅሎዎቹን ወዲህ!» ብለው ጮኹ። ሴትዮዋ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች። ነጠላቸውን ያጣፉ ባልቴት በጣታቸው ሽጉጥ ሠርተው የሚኒባስ ሾፌር ላይ ደግነዋል።

«ምንድን ነው ይሄ? ቁማር ነው ጥንቆላ?»

«ጨዋታ ነው» አልኳት። «እኔ ታሪኩን እተርካለሁ፤ እነሱ ታሪኩ ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ። ምን እንደሚያደርጉ ይነግሩኛል፤ ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ከሆነ የሉዶ ዳይስ ይጥላሉ። አሸናፊ የለውም፣ ተሸናፊም የለውም።»

«ታዲያ ምን ይጠቅማል?»

«ቁጭ ብለሽ ሞክሪው።»

አልተቀመጠችም። ግን ኮፒዋን ተቀብላ እንኳ ቶሎ አልወጣችም።

ጨዋታውን ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው አንዲት የዶርም ጓደኛዬ ያስተማረችኝ። እዚህ መርሳ ስጀምረው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። አሁን ጠረጴዛው ሙሉ ነው። ታሪኩ ከደጋ ተነሥተው ወደ ጨው ሜዳ ስለሚወርዱ ሲራራ ነጋዴዎች ነው። ጾም የማይሽሩት እትዬ እታፈራሁ ሽፍታ ናቸው። በስድብ የሚታወቀው፣ ወንድሙ የሚባለው የሚኒባስ ሾፌር መነኩሴ ነው፤ ክፉ ቃል ከአፉ ከወጣ አንድ ቀን ይጾማል። የጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ለተብርሃን የመንገዱ መሪ ናት። ሮቤል ደግሞ ደጀን የሚባል በቅሎ ነጂ ነው።

ወንድሙ «ደጀንን ምን እናድርገው? ወባ ይግደለው?» አለ፣ ለቀልድ።

«አይሞትም። ውሃ ፍለጋ ቀድሞ ሄዷል።»

ሁሉም ዝም አሉ። ምን ዝም ያሰኛል? ያልመጣ ተጫዋች የሚጫወተው ሰው አይነካም፤ ሕጉ ነው። ከመጀመሪያውም ሕጉ ነው።

ነሐሴ 1፣ ቅዳሜ

ጨዋታ የለም። ከወልድያ በኩል የሚመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ፍራሽ፣ ፍየል፣ ሕፃን። ማሽኑ እስኪግል ድረስ መታወቂያ ኮፒ አደረግኩ። ወረቀት አለቀብኝ።

ወንድሙ ሚኒባሱን በር ላይ አቁሞ ገባ። «ቃልኪዳን፣ ዛሬ ወደ ደሴ እወጣለሁ። አባትሽን ተሸክሜ አስገባዋለሁ።»

አባባ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ከአልጋ እስከ በር እንኳ በእኔ ትከሻ ነው። ከጓዳ ሆኖ ሰምቷል። «ወንድሙ፣ እግዜር ይስጥህ፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ ላይ ነው የኖርኩት፤ መንገድ ላይ አልሞትም» አለ። «ልጄን ግን ውሰዳት።»

ወንድሙ አየኝ። «ሰምተኸዋል፤ የሚዋሽ አባት ነው ያለኝ» አልኩት። «ልጄን ውሰዳት ያለው እንደማልሄድ ስለሚያውቅ ነው።»

ሮቤል ማታ ደወለ። ድምፁ ይቆራረጣል። ደህና ነኝ አለ። ደህና ነው።

ነሐሴ 18

ገቡ። ከጠዋት ጀምሮ መድፍ፣ ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ የታጣቂዎች ኮቴ። መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም። አባባን ከአልጋው ሥር አስተኛሁት። ሱቁን ሰብረው ገቡ። ኮፒ ማሽኑን አራት ሆነው ተሸከሙት። አንዱ የሉዶ ዳይሶቹን አንሥቶ አያቸውና መልሶ ወረወራቸው።

የወንድሙ ሚኒባስም ሄደ። ሲከራከራቸው በሰደፍ መትተውታል። ደሴ ደርሶ እናቱን ሊወስድ የተመለሰው ለዚህ ነበር።

ነሐሴ 22፣ ቅዳሜ

ስምንት ሰዓት ላይ ጠረጴዛውን ጠረግኩ። ማንም አይመጣም ብዬ ነበር። እትዬ እታፈራሁ በጓሮ አጥር ቀዳዳ አጎንብሰው መጡ። «ሽፍታ በር አያንኳኳም» አሉ። ወንድሙ ቅንድቡ አብጦ መጣና ተቀመጠ።

ከዚያ ለተብርሃን። በሩ ላይ ቆመች። እዚህ ሰፈር ከገባች ጀምሮ የእኛን በር አስፈቅዳ አታውቅም፤ ዛሬ «ልግባ?» አለች።

ለተብርሃን የትግራይ ልጅ ናት። መርሳ ያገባችው ባሏ ከሞተ በኋላም እዚሁ ቀረች። ሠርጋችንን ሰፍታለች፣ ሐዘናችንን ሰፍታለች። ታጣቂዎቹ ሲገቡ ግን በቋንቋቸው ስታናግራቸው ሰፈሩ አየ። የእትዬ እታፈራሁን በግ ሊወስዱ ሲሉ ተከራክራ ያስጣለችው እሷ ናት። ሰው ያየው መናገሯን ነው፤ በጉን ማንም አላየም።

ወንድሙ ወንበሩን ከሷ ወንበር ሸሸት አደረገ። ድምፁ ተሰማ።

«ቦታሽ ባዶ ነው፣ ተቀመጪ» አልኳት። ለወንድሙ ደግሞ «ከዚህ ጠረጴዛ የሚነሣ የለም። መነሣት የሚፈልግ በራሱ እግር ይነሣ» አልኩት።

አልተነሣም። በሹክሹክታ ተጫወትን። ሽፍታ በሹክሹክታ ሲዘርፍ ማየት ነበር።

መስከረም 1 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

እንቁጣጣሽ። አበባ የያዘች ልጅ በመንገዱ አላለፈችም። አባባ «ዘመኑ ወደ ኋላ ነው የዞረው» አለ።

ዛሬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ነጋዴዎቹን አንድ ጠባብ የተራራ በር ላይ በታጣቂ አስቆምኳቸው። ሳላስብ ነው። ወይም ሌላ ነገር ማሰብ ስላልቻልኩ።

ጠረጴዛው መሃል አንዲት ቀይ ቆርኪ አለች። ታሪኩ የከበደው ሰው ቆርኪዋን ይነካታል፤ እኔ ታሪኩን ወደ ሌላ አዞራለሁ፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህንን ሕግ ያወጣሁት ጠረጴዛዬ ላይ ሰው እንዲፈራ ስለማልፈልግ ነው። ከሁሉ በላይ የምኮራበት ሕግ ነው።

ለተብርሃን እጇን ዘርግታ ነካቻት።

ወንድሙ ሳቀ። «ምን ያስፈራሻል አንቺን? የራስሽ ሰዎች አይደሉ? አናግሪያቸውና ያሳልፉን።»

«ወንድሙ፣ ውጣ» አልኩት።

«እኔ? እኔን ነው የምታስወጪኝ? መኪናዬን ማን እንደወሰደ…»

«መኪናህን ለተ ናት የወሰደችው?»

ወጣ። እትዬ እታፈራሁ «በዓመት በዓል ሰው ከቤት አይባረርም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ለተብርሃን ግን አቀርቅራ መርፌ እንደጠፋባት ሁሉ ጠረጴዛውን በጣቷ ትዳስሳለች።

ከዚህ ጠረጴዛ የሚነሣ የለም ያልኩት እኔ፣ ያስነሣሁትም እኔ። ግን ደግሜም አደርገዋለሁ።

መስከረም 6

የአባባ የደም ግፊት ኪኒን አለቀ። ራሴን አመመኝ ይላል፤ «ትንሽ ነው» ይላል። ፋርማሲዎቹ ሁሉ ባዶ ናቸው፤ መደርደሪያው እንኳ ተነቅሏል።

መስከረም 9

ለተብርሃን በወረቀት የተጠቀለለ ኪኒን አመጣች። ከየት እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ራሷ ነገረችኝ። ከታጣቂዎቹ አንዱ ሐኪም ነው፤ የተቀደደ ልብሱን ሰፋችለት፤ በምትኩ ይህንን ጠየቀች።

«ለማንም አትንገሪ» አለችኝ። «ሰፋችላቸው ይሉኛል።»

ለማንም አልነገርኩም። ለወንድሙም።

መስከረም 15፣ ቅዳሜ

ወንድሙ አንድ ሸክም ማገዶ ይዞ መጣ። በሩ ላይ አስቀምጦ ቆመ። «መነኩሴው በቁጣ ስለተናገረ ሱባዔ ገብቶ ነበር» አለ። ይቅርታ ማለቱ ነው፤ ለማን እንደሆነ ግን አልተናገረም። ለተብርሃንን አላያትም። ተቀመጠ።

አባባ ዛሬ ከአልጋው ሆኖ ተጫወተ። በወጣትነቱ የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ተመላልሶበታል። እኔ በረሃውን ስተርክ «በዚያ በኩል ውሃ የለም! በዚህ በኩል ውሰጃቸው!» ብሎ ጮኸብኝ። ዝም በል እንዳልለው ድምፁ እንዲህ ሲወጣ ከሰማሁት ቆይቷል። ታሪኩን አዞርኩለት። ለተብርሃን «እሺ አባባ፣ የመንገዱ መሪ እርስዎን ትከተላለች» አለችው። ሳቅን። ጮክ ብለን እንደሳቅን ያወቅነው ከሳቅን በኋላ ነው።

ደጀን አሁንም ቀድሞ እየሄደ ነው። ዱካውን አገኙ። በቅሎዋ ውሃ የጠጣችበትን።

ጥቅምት 18

ከውርጌሳ በኩል በእግሩ የመጣ ሰው እትዬ እታፈራሁ ቤት አደረ። የመርሳ ልጆች የነበሩበት ጦር አንድ ጋራ ላይ ተከቦ ተመታ አለ። የተረፈ ጥቂት ነው አለ። ስም አያውቅም።

ወሬ ነው። ሰው ሲፈራ ወሬ ይወልዳል። ለአባባ አልነገርኩትም፤ ምን የሚነገር አለ?

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ

ሕጉን ጠብቄያለሁ። ዳይሱ ነው የወደቀው።

የገመድ ድልድይ ነበር። መሪዋ ቀድማ መሻገር አለባት። ለተብርሃን ጣለች፤ ተሳካላት። ነፋስ ተነሣ አልኳት፤ ደግማ ጣለች፤ ተሳካላት። ገመዱ አርጅቷል አልኳት። ደግማ ጣለች። አንድ ወጣ። ወደቀች አልኩ። ገደሉ ጥልቅ ነው፤ ድምፅ አይሰማም አልኩ። ሌላ ጊዜ ሰው ሲወድቅ የሚይዘው ቅርንጫፍ እፈልግለታለሁ። ዛሬ ቅርንጫፍ አልነበረም።

ወንድሙ እንኳ አላላገጠም።

እትዬ እታፈራሁ «ልጄ፣ ዛሬ ፍርድሽ ከበደ» አሉኝ።

«ዳይሱ ነው እትዬ።»

ለተብርሃን ቆርኪዋን አልነካችም። «ልክ ነው፤ ወደቅኩ» አለች። የመሪዋ ነገር የተጻፈበትን ወረቀት በአራት አጠፈችው፤ እንደ ጨርቅ አስተካክላ፣ ጠርዙን በጠርዙ ላይ። ከዚያ ሄደች።

ዳይሱ አይደለም። ሦስት ጊዜ ያስጣልኳት እኔ ነኝ። ሁለቴ ተሳክቶላት ነበር፤ እስክትወድቅ ድረስ አስጣልኳት። ለምን? ደክሞኝ ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም። አባባ ሲያቃስት ነበር። በሌላ ምክንያት አይደለም። ሰው ለዓመታት «ጠረጴዛዬ ላይ ማንም አይፈራም» ሲል ከርሞ፣ አንዲት ሴት አንገቷን ደፍታ በእሱ አፍ ስትወድቅ ቆሞ ያያል? ወንድሙ አፍ አውጥቶ ሰደባት። እኔ ትረካ አስመስዬ ገደል ከተትኳት። ከሁለታችን የባሰ የበደላት ማን ነው?

ጥቅምት 21

ቤቷ ሄድኩ። የሚሰፋ ነገር ባይኖርም ከሲንጀሩ ጋር ተቀምጣ ነበር፤ ፔዳሉን በባዶ ትረግጣለች። ይቅርታ ልላት የተዘጋጀሁትን ሁሉ ረሳሁ። «ለተ…» ብዬ ቆምኩ።

«ወሬውን እኔም ሰምቼዋለሁ» አለች።

«ወሬ ነው።»

«ወሬ ነው» አለች እሷም። ከዚያ፣ «ሲሄድ የለበሰውን ሱሪ ያሳጠርኩለት እኔ ነኝ። ቁመቴ ይጨምራል ብሎ ብዙ እንዳልቆርጠው ለመነኝ። በሃያ አምስት ዓመቱ!»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እሷ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ የሚያስለቅስ ነገር የለም። እጄን ይዛ ተቀመጠች።

«የኔም እህት ልጅ በዚያኛው ወገን አለ» አለችኝ። «ማንን ብዬ እንደምጸልይ ግራ ይገባኛል። ሁለቱንም እላለሁ።»

ጥቅምት 27፣ ቅዳሜ

በሁሉም ፊት ተናገርኩ። «ባለፈው ሳምንት የፈረድኩት ፍርድ ስሕተት ነበር። በዳይስ የተፈረደ አልነበረም፤ በእኔ ነበር። መሪዋ አልወደቀችም።»

ወንድሙ «ሕጉ ይፈቅዳል?» አለ።

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያበላሸሁትም እኔ። እኔው አቃናዋለሁ።»

ትንሽ አሰበና «መነኩሴው ገመዱን ይዟል» አለ። «እኔ ነኝ የያዝኳት። ጻፊው።» አሁንም አላያትም። ዳይሱን ግን ሳልጠይቀው አንሥቶ ጣለው። አራት። በቂ ነው። ሁለት ቢሆንም በቂ ነው እለው ነበር።

ኅዳር 18፣ ቅዳሜ

ሽሮ አለቀ። በቆሎ ቆልተን ቆሎውን ለአምስት ተካፍለን ተጫወትን። አባባ ዳይስ እጁ ውስጥ ስናስቀምጥለት በደህናው እጁ ይጥላል። አውሮፕላን በላያችን አለፈ። እትዬ እታፈራሁ ቀና ብለው እንኳ አላዩም። «ተራዬ ነው፤ አትሻሙኝ» አሉ።

ታኅሣሥ 9፣ ቅዳሜ

መከላከያ ገባ! ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው። እልልታ። እትዬ እታፈራሁ የማያውቁትን ወታደር አንገት አቅፈው ይስማሉ። እኔ እያንዳንዱን ፊት አየሁ። አይሱዙ ሲመጣ ሁሉ ሮጬ አየሁ። ነገ ደግሞ የቀሩት ወታደሮች ይመጣሉ ተብሏል።

የለተብርሃን በር ተዘግቷል።

ታኅሣሥ 11

ዱላ የያዙ የሰፈር ወጣቶች ለተብርሃን በር ላይ። «ሰላይ! ውጪ!» አብዛኞቹ ለትምህርት ቤት ፎቶ ኮፒ ሳደርግላቸው ነው ያደጉት።

ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ። እትዬ እታፈራሁ ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል።

«እማማ፣ ይነሡ፤ በቋንቋቸው ስታወራ አይተናል!»

«ያወራችው ስለ እኔ በግ ነው! አንተ የዚያን ቀን የት ነበርክ? ጫካ! እኔ እዚህ ነበርኩ። ያየሁትን ልትነግረኝ ነው?»

«ምግብ አብልታቸዋለች።»

«ያንተ እናት አላበላችም? ጠመንጃ ተደግኖበት ያላበላ አለ በዚህ ሰፈር? እጅ ያውጣ!»

እጅ ያወጣ የለም። በዚህ መሃል ሚሊሻዎች መጥተው «ለጥያቄ ትፈለጋለች» ብለው ወሰዷት። ከዱላው ይሻላል ብዬ ለቀቅኩ። ልክ ነበርኩ? ስትሄድ ወደ ኋላ ዞራ «ምድጃው ላይ ውሃ ጥጃለሁ» አለችኝ።

ወንድሙ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር። ከቆመበት አልተነቃነቀም።

ታኅሣሥ 14

ለተብርሃን ከብዙ ሰው ጋር አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ናት። ብርድ ልብስና ዳቦ አደረስኩ። ኃላፊው እስከሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ሦስት ዋስ ካመጣን እንደሚለቃት ነገረን፤ «ዋሱ ግን ሰፈሩ የሚያምነው ይሁን።» እኔና እትዬ እታፈራሁ ሁለት ነን።

ወንድሙ ዘንድ ሄድኩ። «አልፈርምም» አለ። «አልከሰስኳት፣ አልመሰከርኩባት። ፈርም ግን አትበይኝ።»

«አባባ የዋጠው ኪኒን ከየት የመጣ ይመስልሃል?»

ነገርኩት። ሁሉንም። ፊቱ ተለዋወጠ። «እስከ ዛሬ ደበቅሽኝ?»

«አዎ። እንዲህ እንዳታየኝ ነው የደበቅኩህ።»

በሩን ዘጋብኝ።

ታኅሣሥ 21

ሮቤል።

ጥቅምት ውስጥ ነው። ጋራው ላይ። አብሮት የነበረ ልጅ መጥቶ ነገረን። እዚያው ቀብረውታል።

አባባ ሰማ።

ታኅሣሥ 22

ድንኳን ተጣለ። ሰው ይመጣል። እጄን ይይዙኛል። አንዳንዱ «ጀግና ነው» ይላል። እሺ።

ሱሪው አጥሮበት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ሌላ ነገር ማሰብ እፈልጋለሁ፤ አይመጣልኝም።

ታኅሣሥ 23፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሆነውን ሳልጽፍ መተኛት አልችልም።

ሦስት ሰዓት ላይ ከለቅሶው ተነሣሁ። አክስቴ ወርቅነሽ ልብሴን ያዘችኝ። «የት ልትሄጂ? ለቀስተኛ ትተሽ?»

«ዋስ ልሆን።»

«ለማን?»

«ለለተብርሃን።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማ። አክስቴ ልብሴን ለቀቀች፤ እጇን የሚያቃጥል ነገር እንደነካ። «ወንድምሽ አፈሩ ሳይደርቅ?» አለችኝ። በጥቁር ልብሴ፣ በነጠላ ጫማ፣ ከእትዬ እታፈራሁ ጋር ሄድን።

ኃላፊው ጥቁሬን አይቶ ከወንበሩ ተነሣ። የማን እኅት እንደሆንኩ ነገሩት። ራሱን ነቀነቀ። «እኅቴ፣ ወንድምሽ ተሰውቶ አንቺ ለዚች ትፈርሚያለሽ?»

«ወንድሜ የሞተው እኔን ውሸታም ለማድረግ አይደለም። ሴትዮዋን አውቃታለሁ። የማውቀውን እፈርማለሁ።»

«ሰፈርተኛው ቢጠላሽስ?»

«ይጥላኛ።»

ፈረምኩ። እትዬ እታፈራሁ የጣት አሻራቸውን አደረጉ። «ሦስተኛውስ?» አለ ኃላፊው። ሦስተኛ የለንም። በኋላ እናመጣለን ልለው አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳ። ወንድሙ ነው። ቅንድቡ ላይ የሰደፉ ጠባሳ አለ፤ ያ ጠባሳ ከእኔ ጥቁር ልብስ ይልቅ ኃላፊውን ያሳመነው ይመስለኛል። ማንንም ሳያይ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ፈረመ።

«ምንም እንዳትይኝ» አለኝ። አላልኩትም።

ለተብርሃን ወጣች። ፀጉሯ ላይ የጤፍ ገለባ አለ። ጥቁሬን አየች። ማንም ምንም አልነገራትም፤ አየችኝ ብቻ። ቤቷ እንድትታጠብ ልወስዳት ብል «አይሆንም» አለች። «በቀጥታ።»

አራታችን ድንኳኑ ስንገባ ወሬው ተቋረጠ። አንድ ሰው «ምን ልታደርግ መጣች?» አለ፣ እንድትሰማው አድርጎ። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። አክስቴ ፊቷን አዞረች። ለተብርሃን ድንኳኑ መግቢያ ላይ፣ ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ላይ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች።

እጇን ያዝኩ። በሁሉም መሃል አሳልፌ የሐዘንተኛ ፍራሽ ላይ፣ ከእኔ አጠገብ አስቀመጥኳት። «የሚነሣ ይነሣ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። በሰው ለቅሶ እንዲህ አይባልም። አልኩት።

አባባን ትራስ ደግፈው ከፊት አስቀምጠውት ነበር። ደህናውን እጁን አነሣ። «ለተ ነሽ?»

«አዎ አባባ።»

«ነይ ልጄ። ሮቤልን አልቅሽልኝ።»

«ሓወይ» አለች። ወንድሜ ማለት ነው በእነሱ። «ሓወይ፣ ሓወይ…» ደረቷን እየመታች። በዚያ ቋንቋ በዚያ ድንኳን ውስጥ። አንድ ሰው ይነሣና ያስወጣት ይሆናል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። ወንድሙ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ከውጭ የሚገባውን ይሁን ከውስጥ የሚነሣውን የሚጠብቀው አላወቅኩም። ከዚያ እትዬ እታፈራሁ ድምፃቸውን በአማርኛ ከሷ ድምፅ ላይ ጣሉ። ከዚያ ሌላ ሴት። ከዚያ አክስቴ ወርቅነሽ ፊቷን ሳታዞር፣ ጀርባዋን እንደሰጠችን፣ ማልቀስ ጀመረች።

እኔም ያኔ ነው ያለቀስኩት። ሮቤል እንደሞተ ከነገሩኝ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነው ብል ይሻላል።

ጥር 14፣ ቅዳሜ

መብራት ተመልሷል፤ ኮፒ ማሽን የለም። ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። ገዢው ግን ቀንሷል። አንዳንዱ በሱቄ ፊት ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል፤ ማዶ ካለው ሱቅ አንድ እስክሪብቶ ለመግዛት አስፋልቱን ይሻገራል። ይሻገር። ማታ ማታ አባባ «ከሰርንብሽ ልጄ» ይለኛል። «አልከሰርንም» እለዋለሁ፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሲነቀንቅ ግን ፈገግ ይላል።

ለተብርሃን አንድ ሰሞን ወደ ሌላ አገር ልሂድ ስትል ነበር። ትላንት ግን ሲንጀሯን ወደ በሩ አስጠግታ፣ መንገዱ እንዲያያት አድርጋ ስትሰፋ አየኋት።

ዛሬ ሁሉም መጡ። ወንድሙ ከለተብርሃን አጠገብ ተቀመጠ፤ ሌላ ወንበር ስላልነበረ ነው አለ፤ ነበረ። አባባ ይጮሃል። ስለ ደጀን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ሊጀመር ሲል ከመንገድ ማዶ አንድ ሰው «ያቺን አሁንም ታስገቢያታለሽ?» ብሎ ጮኸ። ብዙ ቀን ችዬ ነበር። ተነሥቼ በሩ ላይ ወጣሁ። የሱቁን በር ሁለቱንም መዝጊያ እስከ ግድግዳው ከፈትኩ፤ የጓዳውን መጋረጃ ከነዘንጉ ነቅዬ አወረድኩ። ከአስፋልቱ ላይ ቆሞ የሚያይ ሁሉ ጠረጴዛውን ያያል፣ ማን ማን እንደተቀመጠ ያያል። አንድ ባዶ ወንበርም ጨምሬያለሁ፤ ደፋር ካለ።